ጧሪ የሌላቸው ካህናት፦ የካቶሊክ ካህናት ክብርና ጡረታ በኢትዮጵያ ታሪክ

የካቶሊክ ካህን በአብዛኛው አያገባም፣ ልጅ አይወልድም። የመነኮሳት ማኅበር አባል ከሆነ ደግሞ የግል ሀብት ላያፈራ ቃል ገብቷል። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው በሚባልበት አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲያረጅ ማን ይጦረዋል? የደከመበት ዘመንስ በምን ይከበርለታል? በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለረጅም ጊዜ ክብሩ የሚመጣው ከሩቅ፣ ከሮም ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ከሞት በኋላ። የጡረታ ዕድሜ፣ የማረፊያ ቤት ግዴታና የምስጋና በዓል ቦታ የያዙት የአገሪቱ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የራሷን ጳጳሳትና ካህናት ካገኘች ወዲህ ነው። ታሪኩ ከትግራይ ይነሳና ዛሬ የካ ክፍለ ከተማና አጎራባቾቹ በሰፈሩበት በእንጦጦ ግርጌ ደጋግሞ ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከ1839 እስከ 1860፦ ጡረታ የማይታሰብበት ዘመን

ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በመቀበላቸው አገሪቱ ደም ተፋስሳ ነበር። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያን ካህናት ተባረሩ፣ በሩም ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተዘጋ። ስለዚህ በ1839 ዓድዋ የደረሱት ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር አባል ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ እንደ እንግዳ ብቻ አልታዩም፤ የድሮ ጠላት ወራሽ ተደርገውም ተቆጠሩ። እሳቸው ግን እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የግዕዝን ሥርዓት አክብረው ኖሩ። ሕዝቡም አቡነ ያዕቆብ አላቸው።

ከተከታዮቻቸው ሁሉ ስማቸው የገነነው ጎጃሜው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 ተወልደው ዕድሜያቸውን በመጻሕፍትና በገዳማት አሳለፉ፤ ወደ ካቶሊክ እምነት የገቡት በ1844፣ የተቀሰሱትም በ1851 ነው። ሌላው ሰው አርፎ በሚቀመጥበት በስድሳ ዓመታቸው ገደማ አገልግሎት ጀመሩ ማለት ነው። የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ካቶሊኮችን ሲያሳድዱ አባ ገብረ ሚካኤል ታሰሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎች አማልደው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ኋላ ሲጎተቱ ከርመው ነሐሴ 1855 አረፉ።

አቡነ ያዕቆብም ቢሆኑ አልጋ ላይ አልሞቱም። ታስረው፣ ከአገር ወጥተው፣ ተመልሰው፣ በሐምሌ 1860 ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲያቀኑ በመንገድ ላይ በአሊገዴ ሸለቆ አረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና ስድሳ አልሞላም ነበር። መቃብራቸው በኤርትራ ሄቦ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926፣ አቡነ ያዕቆብ በ1939 ብፁዓን ተባሉ፤ አቡነ ያዕቆብ በ1975 ከቅዱሳን ተቆጠሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የላትም። ይሁንና በቁም ላለ አዛውንት ካህን ከዚህ ክብር የሚደርስ ጋቢም እንጀራም አልነበረም። ሚሲዮኑ ራሱ ከዛሬ ነገ ይጠፋል በሚባልበት ጊዜ አዛውንት የሚጦርበት ቤት ማሰብ ቅንጦት ነበር።

ከ1868 እስከ 1889፦ ከፊንፊኔ እስከ ፍራስካቲ

አቡነ ያዕቆብን በ1849 ምጽዋ ላይ ሌሊት በስውር ጵጵስና የሾሟቸው ሌላው ጣሊያናዊ፣ የካፑቺን ማኅበር አባል ጉልየልሞ ማስያስ ነበሩ። በ1846 የኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በኋላ በጉድሩ፣ በእናርያና በከፋ ተዘዋውረው ሲሠሩ ስንት ጊዜ እንደታሰሩና እንደተባረሩ ለመቁጠር ያስቸግራል። በ1868 ልቼ ከተማ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ወጣቱ ንጉሥ ወደ ደቡብ እንዲያልፉ አልለቀቋቸውም፤ አማካሪ አድርገው አስቀሯቸው። ከተሰጧቸው ቦታዎች አንዱ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በፊንፊኔ ሜዳ ነበር። አዲስ አበባ የሚባል ከተማ ገና አልተቆረቆረም፤ ምኒልክም ሰፈራቸውን ወደ እንጦጦ አላዛወሩም።

ማስያስ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የታወቁት በስብከታቸው አልነበረም። የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ስለነበር አባ ፈንጣጣ የሚል ስም ወጣላቸው። የኖሩበት አገር ሰው በቁማቸው ከሰጣቸው ክብር ሁሉ ልባዊው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሹመት ሳይሆን ከሞት የተረፈ ሰው ያወጣው ስም ነውና።

ነገሩ የተለወጠው ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ካደሩ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በአገሪቱ አንድ ሃይማኖት እንዲጸና ስለፈለጉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ አዘዙ። ምኒልክ ወዳጃቸውን ማስቀረት አልቻሉም። ማስያስ በ1879 በሰባ ዓመታቸው፣ ታመውና ዓይናቸው ደክሞ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየው ተልእኳቸው ተነቅለው ወጡ። ጡረታ ሳይሆን ስደት ነበር።

ሮም ግን አልረሳቻቸውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ያዩትንና የሠሩትን እንዲጽፉ አዘዟቸው። ማስታወሻዎቻቸው በየስደቱ ስለጠፉ አብዛኛውን ከትዝታ ነው ያዘጋጁት፤ ሥራው በ12 ቅጽ ታትሟል። በ1884 ካርዲናል ተብለው ተሾሙ። ሹመቱ ለሥራ ታስቦ የተሰጠ አይደለም፤ ለአንድ አዛውንት ሚሲዮናዊ የተሰጠ ምስጋና ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1889 ኔፕልስ አጠገብ አርፈው፣ በፍራስካቲ የካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2016 የሕይወታቸውን ጀግንነት የሚያጸድቀውን ውሳኔ ፈቅደዋል፤ ይህም ወደ ብፅዕና የሚያደርስ አንድ እርምጃ ነው።

1880ዎቹ፦ በተራራው ላይ የነበረው ሥርዓት

ማስያስ በወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተሙ። የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል ተሠሩ፤ በ1889 ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነው። የእነዚህ አድባራት ካህናት ዕርጅና ከካቶሊኩ ካህን ዕርጅና ፈጽሞ ይለያል። በአሮጌው ሥርዓት ደብር መሬት ይሰጠዋል፤ ካህኑም በሰሞን መሬቱ ይተዳደራል። ሲደክም አገልግሎቱን ልጁ ወይም ዘመዱ ተክቶ ይወጣለታል፣ መሬቱም ከቤተሰቡ አይወጣም። የኦርቶዶክስ ቄስ ሚስት ያገባ ነውና ሽምግልናው በልጆቹ መካከል ነበር። መነኩሴ ቢሆን ገዳሙ አለለት።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ምድር አዛውንት ካህንን መጦር አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በደንብ ታውቃለች፤ ግን መሣሪያዎቿ መሬትና ዘር ነበሩ። ካቶሊካዊው ካህን ሁለቱም አልነበሩትም።

ከ1900 እስከ 1943፦ የሐረሩ አቡነ እንድርያስ

ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። የምኒልክ መንግሥት ከአውሮፓ ጋር ግንኙነት ስለፈለገ ሚሲዮናውያን ቦታ አገኙ፤ ከሁሉ ይበልጥ ፈረንሳዮቹ። በእንጦጦ ግርጌ ዛሬም ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ምኒልክ ለፈረንሳይ ከሰጡት ቦታ ነው። ሚሲዮናውያኑ ችግር ሲገጥማቸው የሚጮኹት ወደዚያ ነበር።

የዘመኑ ዋና ሰው ግን አዲስ አበባ አልተቀመጡም። ካፑቺኑ አንድሬ ዣሮሶ በ1882 መጥተው ከ1900 ጀምሮ በሐረር ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆኑ፤ አቡነ እንድርያስ ይባሉ ነበር። ራስ መኮንን የልጃቸውን የተፈሪን ትምህርት ነገር ከእሳቸው ጋር ተማከሩ። የሚሲዮኑ ልጅ አባ ሳሙኤል ከሐኪሙ ከዶክተር ቪታልየን ጋር ልጁን አስተማሩ። አባ ሳሙኤል በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ በሰጠመችበት አደጋ ሞቱ፤ ከአደጋው የተረፉት ተፈሪ በኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው መምህራቸውን አስታውሰዋል።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገሉት የአቡነ እንድርያስ መጨረሻ ግን ከማስያስ ጋር የሚመሳሰል ሆነ። ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ፈረንሳውያን ሚሲዮናውያንን በጣሊያናውያን መተካት ጀመረ። አቡነ እንድርያስ በሰማንያ ዓመታቸው ገደማ በ1938 ከሐረር ተነሡና ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ፤ በ1941 መጀመሪያ በቱሉዝ አረፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት የቀድሞ ተማሪያቸው ተፈሪ፣ አሁን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ አዲስ አበባ ገቡ። ጊዜው ጥቂት ወራት ቢገሰግስ ምናልባት ሌላ ዓይነት ሽኝት፣ ምናልባትም ሌላ ዓይነት አቀባበል ይኖር ነበር።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተራው የጣሊያናውያኑ ሆነ። ከወራሪው ጋር የገቡትም ከእሱ በፊት በከፋ በኩል የነበሩትም እስከ 1943 ባለው ጊዜ እንዲወጡ ተደረገ። የውጭ ካህን ዕርጅና በመንግሥታት ጠብ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ በሁለቱም አቅጣጫ ታየ።

ከ1945 እስከ 1962፦ ቀሚስ ያልለበሱት ካህናት

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤቶችን እንደገና ሲያቋቁሙ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ጋበዙ። ሦስት መቶ ዓመት ከዘለቀው ጥርጣሬ አንጻር ግብዣው አስደናቂ ነበር። ቅድመ ሁኔታውም ግልጽ ነው፦ የክህነት ልብስ አይለብሱ፣ አይስበኩ። ከ1945 ጀምሮ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ያለውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሱፍ ለብሰው አስተዳደሩ። መሪያቸው ሉስየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ በ1962 እስከሄዱ ድረስም የሚታወቁት ዶክተር ማት በመባል ነበር። ሕዝብ ፊት ክብር ያገኙት በመምህርነታቸው እንጂ በካህንነታቸው አልነበረም። የኢየሱሳውያኑ ተማሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ሆኑ።

ከ1951 እስከ 1977፦ የራስ ጳጳስ፣ የራስ ሕግ

ለውጡ በሌላ በኩል እየተዘጋጀ ነበር። በቫቲካን ውስጥ የሚገኘው ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ለዘመናት የኢትዮጵያ ተሳላሚ መነኮሳት ማረፊያ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የግዕዝን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩትና የተቀበሩት እዚያ ነው። በ1919 ቤቱ የኢትዮጵያውያን ዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ኮሌጅ ሆነ። ከዚያ የወጡ ካህናት ከውጭ የመጣውን ሚሲዮናዊ የሚተኩ ሆኑ።

በ1951 አዲስ አበባ የግዕዝ ሥርዓት ሐዋርያዊ እንደራሴነት ተቋቋመባት። በ1961 ደግሞ ሊቀ ጳጳሳት የሚቀመጥባት መንበር ሆነች፤ ዓዲግራትና አሥመራ በሥሯ ተደረጉ፣ አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩም ተሾሙ። በግዕዝ ቀዳሹ ክፍል ጎን በደቡብና በምዕራብ የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ስለዚህ የአገሪቱ ካህናት በሁለት የቀኖና ሕጎች ይተዳደራሉ።

ዋናው መታጠፊያ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። ጉባኤው በ1965 ሁለት ነገር ወሰነ። ጳጳሳትና ቆሞሳት (የቁምስና ኃላፊ ካህናት) ዕድሜ ሲጫናቸው በፈቃዳቸው ሥራቸውን እንዲለቁ ጠየቀ፤ የታመሙና ያረጁ ካህናትም የሚረዱበት መላ እንዲበጅ አሳሰበ። በቀጣዩ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ዕድሜውን 75 ብለው ቆረጡት። ከዚያ በፊት ካህን ሥራውን የሚተወው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲባረር ነበር። አሁን አገልግሎቱን ሳይሰደድ፣ ሳይዋረድ፣ በሰላም ሊያስረክብ ይችላል። ከሹመቱ ቢወርድ ከክህነቱ አይወርድም፤ መቀደስ፣ ማናዘዝ፣ ማስተማር እንደ አቅሙ ይቀጥላል።

ሕግ ወጣ ማለት ግን ገንዘብ ተገኘ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ የ1974ቱ አብዮት መጣ። በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም በሐምሌ ተከተለ። የእንጦጦ አድባራት ካህናት ከአባት የወረሱት የሰሞን መሬት አበቃ። ሽምግልናው በመሬት የታጠረለት የኦርቶዶክስ ቄስና መሬት ኖሮት የማያውቀው የካቶሊክ ካህን በአንድ አዋጅ ተቀራረቡ፤ ለሁለቱም የቀራቸው የምእመናን ልግስና ነበር። አቡነ አሥራተ ማርያም በ1977 መንበራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። አዲስ ሊቀ ጳጳሳት ሲተካ የቀድሞው በሕይወት ነበሩ፤ በአዲስ አበባ መንበር ታሪክ እንዲህ ያለ ርክክብ የመጀመሪያው ነው።

ከ1977 እስከ 1999፦ ካርዲናሉ ዕድሜያቸው ሲሞላ

ተተኪው አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ ሕግ ያጠኑ ሊቅ ናቸው። ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1968 አሳትመዋል። አብዛኛው ዘመናቸው የደርግ ዘመን ነበር፤ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ተወርሷል፣ ካህናትም ታስረዋል። በ1979 ከታሰሩት መካከል በከፋ ያገለግሉ የነበሩት ወጣት ላዛሪስት ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ይገኙበታል። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ጡረታ የሚያወራ አልነበረም፤ ካህን በቁምስናው ላይ መገኘቱ ብቻ በቂ ነበር። ሆኖም በ1985 አቡነ ጳውሎስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ። ከማስያስ ካርዲናልነት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ማዕረጉ አሁን የተሰጠው ከአገር ለወጣ አዛውንት ሳይሆን በአገር ላይ እየሠራ ላለ ሊቀ ጳጳሳት ነው።

በ1990 ለምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የወጣው የቀኖና ሕግ ለግዕዝ ሥርዓት ካህናት ነገሩን በማያሻማ ቃል አስቀመጠው። 75 ዓመት የሞላው ቆሞስ መልቀቂያውን ለጳጳሱ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ጳጳሱ የሰውየውንና የቁምስናውን ሁኔታ አይቶ ይቀበላል ወይም ያዘገያል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቅ ትርጉም ያለው ሐረግ ነው፦ ለለቀቀው ካህን ተገቢ መተዳደሪያና መኖሪያ ሊዘጋጅለት ይገባል። የላቲኑም ሕግ ከ1983 ጀምሮ ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። በኢትዮጵያ መጦር የልጅ ግዴታ ነው፤ እዚህ ግን የሀገረ ስብከት ግዴታ ተደረገ።

ሕጉ በካርዲናሉም ላይ ሠራ። አቡነ ጳውሎስ 75 ዓመት የሞላቸው በ1996 ሲሆን መንበሩን የለቀቁት በ1998 ነው፤ በ2003 ሮም ውስጥ አረፉ። በ1999 ቦታውን የያዙት ከሃያ ዓመት በፊት የታሰሩት ብርሃነ ኢየሱስ ናቸው።

ከ1999 ወዲህ፦ ኢዮቤልዩና እንጀራ

የዛሬው ሥርዓት ሁለት መልክ አለው። የካፑቺን፣ የላዛሪስት፣ የኮንሶላታ ወይም የኮምቦኒ አባል የሆነ ካህን ሲያረጅ ማኅበሩ ይጦረዋል። ከወጣቶቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፣ ቢታመም የሚያስታምመው ወንድም አያጣም፤ የውጭ ሰው ከሆነም ወደ አገሩ ሊመለስ ወይም ዕድሜውን ባሳለፈበት ምድር ሊቀር ይችላል። የሀገረ ስብከት ካህን ግን ማኅበር የለውም። የሚተማመነው በሀገረ ስብከቱ ሣጥን፣ በምእመናኑና በዘመዶቹ ነው። በ2007 ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ፤ ሣጥኑ ምን ያህል ሊሞላ እንደሚችል ከዚህ መገመት አይከብድም። በመንግሥት በኩል በ2011 የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 715፣ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ በር ከፍቷል። ለጸሐፊውና ለመምህሩ ይህ ጥሩ ነው፤ ካህኑ ራሱ ግን ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው ወይ የሚለው ክርክር በአዋጅ የሚዘጋ አይደለም።

የክብሩ ሥነ ሥርዓት ግን ሞቅ ብሏል። ክህነት በተቀበሉ በ25ኛው ዓመት የብር፣ በ50ኛው የወርቅ ኢዮቤልዩ ይከበራል። የምስጋና ቅዳሴ አለ፤ በግዕዝ ሥርዓት ከሆነ ከበሮና ጸናጽል አይቀርም። የቁምስናው ሰው ጋቢ ያለብሳል፣ ካባ ወይም መስቀል ያበረክታል፤ ካህኑ ያጠመቋቸው ልጆች የልጅ ልጅ ይዘው ይመጣሉ። በመጨረሻ ግን መራቂው እሳቸው ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ከሰኔ 2009 እስከ ሰኔ 2010 የካህናት ዓመት ብለው ማወጃቸው ልማዱን አጠናክሮታል፤ እሳቸው ራሳቸው በ2013 በዕድሜ ድካም ምክንያት መልቀቃቸውም በጡረታ ላይ የነበረውን ኀፍረት ቀንሷል።

ከበዓሉ ማግሥት ያለው ነገር ግን ጋቢ አይሸፍነውም። የዓይን ሕክምና፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት፣ ደረጃ የሌለው ክፍል፣ ሌሊት የሚጠራ ሰው፤ በእንጦጦ ብርድ ላይ ለሚኖር የሰማንያ ዓመት ሰው እነዚህ ከምስክር ወረቀት ይቀድማሉ። ሀገረ ስብከቶች አዲስ በተቋቋሙባቸው አካባቢዎች፣ በ2003 በተመሠረተው እምድብርና በ2015 በተመሠረተው ባሕር ዳር ደሴ፣ ጥያቄው ገና ወደፊት የሚመጣ ነው፤ ዛሬ የሚቀሰሱት ወጣቶች የሚያረጁት አብረው ነውና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ አቡነ ብርሃነ ኢየሱስን በየካቲት 2015 ካርዲናል አድርገው ሾመዋቸዋል። በ1948 ሐረር አካባቢ፣ አቡነ እንድርያስ ከሄዱ ከአሥር ዓመት በኋላ የተወለዱት ካርዲናል፣ በሐምሌ 2023 ሕጉ የሚጠይቀው 75 ዓመት ሞላቸው። ክህነት የተቀበሉት በሐምሌ 1976 ስለሆነ የወርቅ ኢዮቤልዩአቸው የሚውለው በሐምሌ 2026 ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትን የመምረጥ መብታቸው ደግሞ 80 ዓመት ሲሞላቸው፣ በሐምሌ 2028 ያበቃል።